ጥቂቱ ማዕድንና የቁስል ፈውስ



ዛሬ በፊታችሁ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በመጠኑ እጅግ ያነሰ፣ በሥራው ግን እጅግ የላቀ ነገር ነው፤ ይኸውም በሰው ሥጋ ውስጥ ተሰውረው የሚኖሩት ጥቃቅን ማዕድናት፣ ማለት ዚንክ፣ መዳብ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ሴሌኒየም፣ የአካልን ሥራ ለሚያከናውኑት ኤንዛይሞች የሚሰጡት አገልግሎትና፣ ሰው በቆሰለ ጊዜ የተቀደደው ሥጋው ተመልሶ እንዲገጥም ያላቸው ድርሻ ነው። ቁስለኛ ያላስታመመ ቤተሰብ አይገኝምና ጉዳዩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። የነገሬንም ፍጻሜ አስቀድሜ ብገልጽላችሁ ለመከተል ይቀላችኋል፤ ቁስልን የሚያጥብና የሚያሽግ እጅ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፣ ሥጋን ከሥጋ የሚያጋጥመው ሥራ የሚፈጸመው ከውስጥ ነው፤ በውስጥ ያለውም ሠራተኛ መሣሪያውን የሚያገኘው ከገበታ ነው፤ ስለዚህም ቁስለኛን በሚገባ መመገብ የሕክምናው አንድ ክፍል ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል፤ ይህም መመገብ ልክና መጠን ያለው መሆን አለበት። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ኤንዛይም ምን እንደሆነ ላስታውስ። በሕያው አካል ውስጥ በየቅጽበቱ ስፍር ቍጥር የሌለው ለውጥ ይካሄዳል፤ የተበላው ምግብ ይፈርሳል፣ ከፍራሹም አዲስ ሥጋ ይታነጻል፣ የተነፈስነው አየር በደም ተጭኖ ወደየብልቱ ይደርሳል፣ ያገለገለውና የከሰለው ደግሞ ተጠርጎ ይወጣል። ይህ ሁሉ ለውጥ ረዳት ሳያገኝ ቢቀር ኖሮ፣ አንዳንዱን ለመፈጸም ዓመታት ባስፈለጉ ነበር፤ አካላችን ግን ኤንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖችን አዘጋጅቶ፣ ያለ እሳትና ያለ ጢስ፣ በራሱ ለስላሳ ሙቀት፣ ሥራውን ሁሉ በዐይን ጥቅሻ ያስፈጽማቸዋል። ሆኖም ፕሮቲን በባሕርዩ ብቻውን በቀላሉ ሊሠራው የማይችል ተግባር አለ፤ ኦክስጅንን ይዞ ለሥራ ማዋል፣ ኤሌክትሮንን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማቀበል፣ ውሃን አጥብቆ ይዞ ጠንካራውን ማሰሪያ እንዲበጥስ ማድረግ ብዙ ጊዜ የብረታ ብረትን ጠባይ ይጠይቃል። ስለዚህም ብዙዎቹ ኤንዛይሞች፣ ሥራው በሚፈጸምበት በዚያው ስፍራ ላይ፣ በእጥፋታቸው መካከል አንድ ወይም ሁለት የማዕድን አቶም አቅፈው ይገኛሉ፤ ያ አቶም ቢወጣባቸው፣ ፕሮቲኑ ሳይጠፋ ሥራው ብቻ ይቋረጣል።

የእነዚህ ማዕድናት መጠን ምን ያህል እንደሆነ የሰማ ሁሉ ይደነቃል። በአንድ ጐልማሳ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም፣ ዚንኩ ከ2 እስከ 3 ግራም፣ መዳቡም የአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው፤ ማንጋኒዝና ሴሌኒየም ከዚህም እጅግ ያንሳሉ። ዚንክ የቤታችን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ማዕድን ነው፤ ከመዳብ ጋር ሲቀልጥም ናስ ይሆናል። እንዲህ በጣሪያና በዕቃ ላይ የምናያቸው ማዕድናት፣ የሥጋችን ውስጠኛ ሥርዓት አዕማድ መሆናቸውን የሰው ልጅ ያወቀው ግን ከጥቂት ትውልድ ወዲህ ነው። የታላቁ የፓስተር ደቀ መዝሙር የነበረው ፈረንሳዊው ዡል ሮሊን፣ ጥቁር ሻጋታ ዚንክ ከተነፈገ እንደሚገባው ሊያድግ እንደማይችል በ1869 አስረዳ። ከዚያ ሰባ ዓመት አልፎ፣ በ1940፣ በካምብሪጅ ዴቪድ ኬሊንና ታዴዎስ ማን፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘውና የተቃጠለውን አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ በደም ለመውጣት እንዲመች የሚለውጠው ኤንዛይም ዚንክን የያዘ መሆኑን ገለጹ፤ ዚንክ በታወቀ ኤንዛይም ውስጥ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይህ ኤንዛይም እጅግ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ አንዱ ሞለኪውል ብቻውን በአንድ ሴኮንድ እስከ ሚሊዮን የሚደርሱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ይለውጣል፤ በመካከሉም ያለው አንዲት የዚንክ አቶም ብቻ ናት።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ወደ ቁስል እንለፍ። ሥጋ በተቈረጠ ጊዜ አካል የሚሠራው ሥራ ተራ ያለው ነው፤ መጀመሪያ ደሙን ያረጋል፣ ቀጥሎ የቈሸሸውንና የሞተውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ባዶውን ስፍራ በአዲስ ሥጋ ይሞላል፣ በመጨረሻም የተሞላውን ያጠነክራል። ከጠረጋው ጀምሮ በያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ አንድ ጥቂት ማዕድን ቆሞ እናገኘዋለን።

በጠረጋው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ጀርሞችንም የሚገድሉት ከኦክስጅን በሚሠሩት ብርቱ መርዝ ነው። ይህ መርዝ ጠላትን ብቻ መርጦ የሚመታ ስላልሆነ፣ የራስን ሥጋ እንዳያቃጥል የሚያበርደው ያስፈልጋል። ኬሊንና ማን በ1938 ከደም ውስጥ መዳብ ያለበት አንድ ፕሮቲን አውጥተው ነበር፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። በ1969 ጆ ማክኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች፣ ያ ፕሮቲን ሱፐርኦክሳይድ የሚባለውን የኦክስጅን መርዝ የሚያበርድ ኤንዛይም መሆኑን አረጋገጡ፤ በውስጡም መዳብና ዚንክ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የሕዋስ ኃይል በሚመነጭበት ክፍል ውስጥ ያለው ወንድሙ ደግሞ ማንጋኒዝን ይዟል። ከነዚህ የሚተርፈውን መርዝ ወደ ውሃ የሚለውጠው ሌላው ኤንዛይም ሴሌኒየምን የተሸከመ መሆኑ በ1973 ታወቀ። እነዚህ ማዕድናት በጐደሉበት አካል፣ ጀርምን ሊያጠፋ የተነሣው እሳት በራሱ ቤት ላይ ይዛመታል።

ደግሞም የሞተው ሥጋ ሳይነሣ አዲሱ አይተከልም። አካላችን የተያያዘበት ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን እጅግ ጽኑ ነውና፣ እርሱን የሚቈርጠው መሣሪያ በሕያው እንስሳ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ሲመራመሩ ኖረዋል። በ1962 በቦስተን ጄሮም ግሮስና ሻርል ላፒዬር፣ የእንቁራሪት ልጅ በሚያድግበት ጊዜ ጅራቱ ወዴት ይሄዳል ብለው ሲጠይቁ፣ ጅራቱን የሚያቀልጠውን ኤንዛይም አገኙ። ከዚያ ወዲህ የታወቁት የዚህ ነገድ ኤንዛይሞች ሁሉ በመካከላቸው ዚንክን የያዙ ናቸው። በቁስል ዳር ያሉት የቆዳ ሕዋሳት ከተጣበቁበት ተላቅቀው ወደ መካከል የሚጓዙት በእነዚሁ ኤንዛይሞች መንገድ ጠራጊነት ነው፤ ሥራቸው ከልክ ሲያልፍ ግን አዲሱን ሥጋ ሳይቀር ስለሚያፈርሱት፣ ብዙ ጊዜ የቆየ ቁስል አልሽር የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሕንጻው ደርሰናል። ከአካላችን ፕሮቲን ሁሉ ከአራት አንድ እጅ እስከ ሲሶ የሚሆነው ኮላጅን ነው፤ አሠራሩም እንደ ገመድ ሲሆን፣ ሦስት ክሮች እርስ በርሳቸው ተገምደው አንዱን ያቆማሉ። ክሮቹ ተገምደው በአካል ሙቀት ጸንተው እንዲኖሩ፣ አስቀድሞ በየስፍራቸው ኦክስጅን ሊጨመርላቸው ይገባል፤ ይህን የሚጨምረው ኤንዛይም በመካከሉ ብረትን የያዘ ነው። ብረቱ ግን በሥራው ላይ ዝጎ እንዳይቀር፣ ቫይታሚን ሲ እየመለሰ ያድሰዋል። ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ምን እንደሚደርስ ለማወቅ የባሕር ተጓዦችን ታሪክ ማየት ይበቃል። ከ1740 ጀምሮ ዓለምን በዞረው በእንግሊዛዊው በአንሰን ጉዞ ላይ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ካለማግኘት የሚመጣው ስከርቪ የተባለው ደዌ መርከበኞቹን በፈጀ ጊዜ፣ በ1690 በቦይን ጦርነት ቆስሎ የዳነ አንድ ሽማግሌ፣ ከአምሳ ዓመት በኋላ ያ ጠባሳው እንደ ገና ተከፍቶ ትኩስ ቁስል እንደሆነበት በ1748 በታተመው የጉዞው ታሪክ ተጽፏል። ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ፤ ጠባሳ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር የሞተ ነገር ሳይሆን፣ ዕድሜ ልክ ሲፈርስና ሲታደስ የሚኖር ሕያው ሕንጻ ነው፤ አዳሹ ኤንዛይም ሥራውን ቢያቆም ማፍረሱ ብቻ ይቀጥላል።

ይህንኑም በገዛ ሥጋው የመረመረ ሐኪም አለ። በቦስተን ይሠራ የነበረው ወጣቱ ቀዶ ጠጋኝ ጆን ክራንደን፣ ቫይታሚን ሲ ፈጽሞ የሌለበትን ምግብ ለስድስት ወር ተመግቦ፣ ጀርባው ላይ ቁስል እንዲበጅበት ፈቀደ። በሦስተኛው ወር የተደረገው ቁስል በደኅና ሻረ፤ በስድስተኛው ወር የተደረገው ግን፣ ከላይ ቆዳው ቢገጥምም፣ ከሥሩ የረጋ ደም ብቻ ሞልቶት ተገኘ፤ ቫይታሚኑን በተሰጠ በዐሥረኛው ቀን ሲመረመር በመሻር ላይ ሆነ። ውጤቱ በ1940 ታተመ። ከላይ የተከደነ ቁስል ሁሉ የዳነ ቁስል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የተገመደው ገመድ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ካልተቈራኘ ሸክም አይችልም። ኮላጅንን ከኮላጅን የሚያቈራኘው ኤንዛይም የሚሠራው በመዳብ ነው። በ1961 በአሜሪካ በሚዙሪ ሊቃውንት መዳብ የጐደለበትን ምግብ ለጫጩቶች ቢመግቡ፣ ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥራቸው እየተቀደደ ሞቱ፤ ሥሩን የሚያጸናው ማሰሪያ በውስጡ አልነበረምና። በቁስልም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው። አዲስ ጠባሳ በሦስተኛው ሳምንት ከቀድሞው ቆዳ ጥንካሬ ሩቡን እንኳ ለመያዝ ይቸግረዋል፤ በሦስተኛው ወር ግን እስከ ሰማንያ በመቶ ይደርሳል፤ ይህን ጥንካሬ ከሚሰጡት ዋነኛው በእነዚያ ወራት ዕለት ዕለት የሚታሰረው የመዳብ ቍራኛ ነው።

ስለ ዚንክ ግን ገና አልጨረስኩም። ሕዋስ ለመባዛት ሲነሣ የዘር ጽሑፉን መገልበጥ ይኖርበታል፤ ከሚገለብጡትና የግልበጣውን ትእዛዝ ከሚሰጡት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ያለ ዚንክ አይቆሙም። ስለዚህ ዚንክ ሲጐድል መጀመሪያ የሚጎዱት ፈጥነው የሚባዙት ሕዋሳት፣ ማለት የቆዳና የአንጀት ሕዋሳት ናቸው። በዘር የሚወረስ አንድ ብርቱ ደዌ አለ፤ ሕፃናት ጡት በሚተዉበት ጊዜ በአፋቸው ዙሪያ፣ በእጅና በእግራቸው ቁስል ይወጣባቸዋል፣ ጠጕራቸው ይረግፋል፣ ተቅማጥ ያደክማቸዋል፤ ብዙዎቹም ይሞቱ ነበር። በ1973 በለንደን ኤድመንድ ሞይናሃን የተባለ ሐኪም የደዌው ምክንያት የዚንክ ጕድለት መሆኑን ተረድቶ ዚንክን በአፍ ቢሰጣቸው፣ ቁስሉ በጥቂት ጊዜ ደርቆ ሕፃናቱ ዳኑ። ብዙ ሕፃናትን ይወስድ የነበረ ሞት በርካሽ የዚንክ ጨው ተሸነፈ።

ዚንክ የተራውን ሰው ቁስል መሻር ያፋጥን እንደሆነ የተጠየቀውም በአጋጣሚ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ጠጋኝ ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቹ፣ በአይጦች ቁስል ላይ መሻርን ያዘገያል ብለው ያሰቡትን አንድ ንጥረ ነገር ሲፈትኑ፣ በተቃራኒው ቁስሉ ፈጥኖ ሻረ፤ ንጥረ ነገሩን ቢመረምሩት ዚንክ ተቀላቅሎበት ተገኘ። ከዚህ በኋላ በጭራ አጥንት አካባቢ በቀዶ ጥገና የተከፈተ ጥልቅ ቁስል ያለባቸውን 20 ወጣት የአየር ኃይል ወታደሮች ለሁለት ከፍለው፣ ለዐሥሩ ዚንክ ሰልፌት በየቀኑ ሰጡ፤ እነዚህ በአማካይ በ46 ቀን ገደማ ሲድኑ፣ ሌሎቹ 80 ቀን ያህል ፈጀባቸው። ይህ በ1967 በታተመ ጊዜ የሐኪሞች ተስፋ ከፍ አለ። በኋላ የተደረጉት ሰፋ ያሉ ምርመራዎች ግን ነገሩን በልኩ አስቀመጡት፤ በአካሉ ዚንክ የጐደለው ሰው ሲሰጠው የቁስሉ መሻር ይፋጠናል፤ ያልጐደለው ግን ተጨማሪውን ቢውጥ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አያገኝም። ማዕድኑ የጐደለውን ይሞላል እንጂ፣ ከሞላው በላይ ተአምር አያደርግም።

በዚህ ስፍራ ላይ አድማጮቼን አጥብቄ ለማስጠንቀቅ እወዳለሁ። ለጐልማሳ ሰው በቀን የሚበቃው ዚንክ ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ነው፤ ከ40 ሚሊግራም በላይ በየቀኑ መውሰድም እንደማይገባ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ሊቃውንት ወስነዋል። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ሲወሰድ፣ አንጀት መዳብን ወደ ደም እንዳያሳልፍ ያግደዋል፤ የቁስሌ መሻር ይፋጠንልኛል ብሎ ያለ ሐኪም ምክር እንክብሉን የሚያበዛ ሰውም፣ በአንድ እጁ ሕዋሳቱን ሲያበዛ በሌላው የኮላጅኑን ማሰሪያ ይፈታል። ብረትም እንዲሁ ነው፤ ለኮላጅን የሚያስፈልገውን ያህል፣ ጀርሞችም ለመራባት ይፈልጉታልና፣ ትኩሳት ባለበት ሰው ላይ እንዲሁ የሚጨመር አይደለም። በተፈጥሮ ሥርዓት ውስጥ ጥቂትነት ራሱ ሕግ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ይነግረናል? በ1958 በፋርስ አገር በሺራዝ ከተማ፣ ሐኪሙ አናንዳ ፕራሳድ 21 ዓመት ሞልቶት የዐሥር ዓመት ልጅ የሚመስል ሕመምተኛ ተመለከተ። ምግቡ እርሾ ያልገባበት የስንዴ ቂጣ ሲሆን፣ ሥጋ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነበር፤ አፈርም ይበላ ነበር። ፕራሳድ ምክንያቱ የዚንክ ጕድለት እንደሆነ ገመተ፤ በግብፅ ባደረገው ምርመራም በ1963 አረጋገጠው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ዚንክንና ብረትን አጥብቆ ስለሚይዛቸው፣ ማዕድኑ በምግቡ ውስጥ እያለ አንጀት ሳይቀበለው ያልፋል። ገበታችን ከእህል የተሠራ ነውና ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአርሲ በዶዶታ ሲሬ ወረዳ፣ ዶክተር መላኩ ኡመታና ባልደረቦቹ ከ6 እስከ 12 ወር ላሉ ሕፃናት 10 ሚሊግራም ዚንክ በሳምንት ስድስት ቀን ለስድስት ወር ቢሰጡ፣ እድገታቸው ቀጭጮ ከነበሩት መካከል ዚንክ ያገኙት 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያላገኙት 2.8 ብቻ አደጉ፤ ተቅማጥና ሳልም ቀነሰላቸው። ይህ በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ቁመት የሚጨምረው ሕዋስና ቁስልን የሚገጥመው ሕዋስ የሚፈልጉት አንድ ማዕድን ነው፤ በልጅ አጥንት ላይ የታየው ጕድለት በቁስለኛ ሥጋ ላይም ሊኖር ይችላል።

ነገር ግን እናቶቻችን ይህን የፋይቴት ማሰሪያ የሚፈታ ጥበብ አቆይተውልናል። ሊጥ በእርሾ ለቀናት ሲቦካ፣ ምስርና ሽምብራ በውሃ ሲዘፈዘፍ፣ ገብስ ሲበቅል፣ በእህሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ይነቃና ፋይቴቱን እየሰበረ ማዕድኑን ነጻ ያወጣዋል። በደንብ የቦካ እንጀራ ሳይቦካ ከተጋገረ ቂጣ የሚበልጠው በጣዕም ብቻ አይደለም። ከዚህም ጋር ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላልና ወተት አካል በቀላሉ የሚቀበለውን ዚንክ ይሰጣሉ፤ ጉበት ደግሞ የመዳብና የብረት ጎተራ ነው፤ ሰሊጥና የዱባ ፍሬም ለጾም ወራት ይረዳሉ። ብርቱ ቃጠሎ የደረሰበት፣ ወይም ጥልቅ ቁስል ያለበት ሰው፣ የጾሙ ወራት ሲደርስ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ ለድውይ የሚደረግ ርኅራኄ በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነውና። የቃጠሎ ሕመምተኛ ከቁስሉ በሚፈስሰው ውሃ ዚንኩን፣ መዳቡንና ሴሌኒየሙን እንደሚያጣ፣ በስዊስ በሎዛን ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች አሳይተዋል፤ በ1998 ባሳተሙትም ጥናት፣ የጐደለው በተተካላቸው ሰዎች ላይ የሳንባ ሕመም እንደቀነሰ ገልጸዋል።

ከዚህ ጋር ማንም በተሳሳተ ተስፋ እንዳይያዝ ልጨምር። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩን ካልተቈጣጠረ፣ በመኝታ ብዛት የቈሰለ ሰው ካልተገላበጠ፣ መግል የያዘ ቁስል ካልጸዳ፣ ደም የማይደርስበት እግር መፍትሔ ካላገኘ፣ ማዕድን ብቻውን አያድንም። ሁሉም በየስፍራው ይሠራል፤ የአንዱ መኖር የሌላውን መቅረት አይክስም።

እንግዲህ ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና በየቤቱ ለምታስታምሙ ሁሉ የማቀርበው ልመና ይህ ነው። አንድ ቁስል አልሽር ባለ ጊዜ፣ የሚቀባውን መድኃኒት ከመለወጣችሁ በፊት፣ ባለቁስሉ ባለፉት ወራት ምን ሲበላ እንደኖረ ጠይቁት፤ ምግቡ አንድ ዓይነት ብቻ እንደሆነ፣ ሲያስቀምጠው እንደከረመ፣ አፈር የመብላት አምሮት እንዳለበት መርምሩ። ጕድለት መኖሩ ከተረዳችሁ በሐኪም ትእዛዝ በልኩ ይሞላለት፤ ከሌለበት ግን በእንክብል አታስጨንቁት። በየሆስፒታሉም የሕሙማን ምግብ የሚዘጋጅበት ክፍል ከመድኃኒት ቤቱ እኩል ክብር ይሰጠው፤ ለድኻው ቁስለኛ የሚቀርበው እንቁላልና የቦካ እንጀራ ከፋሻውና ከመርፌው ጋር በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ማዕድኑ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ጕድለት ምክንያት በወገናችን ላይ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ቁስል ቢኖር፣ እኛ ካላሰብንበት በቀር ሌላ ምክንያት ልናቀርብለት አንችልም።